በገጹ ግርጌ ያለችው ክብ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የማተሚያ ቤታችን ጠራዥ ከትርፍ ወረቀት ሰፍቶ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግኩት ሲጠይቀኝ "ለማስታወሻ" አልኩት። "ደግሞ አንቺን ምን ይረሳሻል፣ ጭልፊት!" ብሎ ሳቀ። ጭልፊት የሚሉኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ጽሑፍ ላይ ስህተት ስለቅም ስለኖርኩ ነው። ስሙን አልጠላውም። ሌላው ሰው ሦስቴ አይቶ ያለፈውን እኔ በአንድ እይታ ከአየር ላይ እቀልበዋለሁ።

እንግዲህ የጭልፊት ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አትችልም።

አትፈልግም ማለቴ ነው። ብትፈልግ ትችላለች።

ማክሰኞ 5

ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ስድስት መስመር። ስድስት ብቻ! የመጀመሪያው መስመር ላይ "ደመና" የሚለውን ቃል እየተንገዳገደች አነበበችው። ጎሽ አልኳት። ሦስተኛው መስመር ላይ ያው ደመና መጣ፤ አፏን ከፍታ ቀረች።

"አሁን ያነበብሽው ቃል እኮ ነው!"

"ተለወጠ እኮ፣ እማ።"

"ቃል ምን ሆኖ ይለወጣል?"

አንድ ቃል ጣለች፣ ሌላ ጣለች፣ ደግሞ ሌላ። በኋላ ሳስተውል ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ፊቴ ላይ ነው። ግንባሬ እስኪፈታ ድረስ ትገምታለች፣ ሲፈታ ታቆማለች። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በማስመሪያ መታሁት። ጠረጴዛውን ነው።

አባቷ ከሳሎን "ኧረ ጭራሮን አታስደንብሪያት!" አለ። ቅጥነቷን አይቶ ያወጣላት ስም ነው። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የየቀለሙን ሽቦ ሳትሳሳት ስለምታቀብለው ሊቅ ትመስለዋለች።

ዓርብ 8

ወንድሜ ዛሬም የድምፅ መልእክት ላከ። ስድስት ደቂቃ! የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከየመንገዱ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ጉንፋኑ ይለፈልፋል። ሁለት መስመር ጽፎ መላክ ምን ያደርገው ነበር? ስንፍና ነው። በልጅነቱም እንዲሁ ነበር። የማስጠናው እኔ ነበርኩ፤ ማስመሪያ ካላየ አይነቃም ነበር።

ልጄ መልእክቱን ሁለቴ ሰምታ ሙሉውን ከነሳሉ ደገመችው። በሳቅ ፈረስን። ይህን ሁሉ የምታስታውስ ልጅ ሁለት ፊደል መለየት እንዴት ያቅታታል? እስቲ ማነው የሚነግረኝ?

ሰኞ 11

ከመምህርቷ ደብዳቤ መጣ። የቋንቋ ደብተር ዓርብ 22 ይሰበሰባል፤ የውጤቱ ግማሽ እሱ ነው። በዚህ ሁኔታ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች። ከታች በእጇ ጨምራ ጽፋለች፦ "እንደ እርስዎ ያለ እናት ኖራት ይህ መሆኑ ያስገርመኛል።"

ደብዳቤው ላይ ሁለት ስህተት አገኘሁ። በእሱ ተጽናናሁ።

ማክሰኞ 12

በሻይ ሰዓት ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ የሥራ ጓደኛዬ ናቸው፤ እሳቸው ረቂቁን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ የታተመውን በእርሳስ እከተላለሁ። ነጥቡንም ሰረዙንም እየጠሩ ስለሚያነቡ አፋቸው ለምዶ "አንድ ሻይ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ስኳር አይብዛ፣ አራት ነጥብ" ብለው ነው የሚያዙት። ገጽ በጨረስን ቁጥር እኔ ግርጌው ላይ በስተቀኝ ትንሽ ክብ እሠራና መሐሏ ነጥብ አስቀምጣለሁ። አይቼዋለሁ፣ ይለፍ ማለት ነው። አሁንማ እጄ ሳያስበው ነው የሚያደርገው።

ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ "ስታነብ ታለቅሳለች?" አሉኝ።

"ኧረ አታለቅስም። ዝም ነው የምትለው።"

"እሱ ይብሳል" አሉ።

ሐሙስ 14

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። እንደ እኔ ያለች እናት አለች? ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄ ዓይን የታመመ እንዲሆን እለምን ነበር። መነጽር ቢታዘዝላት! ነገሩ የመስታወት ጉዳይ ቢሆን! ሐኪሙ አየ፣ ደግሞ አየ፣ "ዓይኗ ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል" አለ። ተስፋዬ ቁርጥ አለ። ልጄ ግን ደስ ብሏት ወንበሩ ላይ ትሽከረከራለች።

ሐኪሙ ስለ ንባቧ ጥቂት ጠየቀኝና የአንዲት ባለሙያ ስም ጻፈልኝ። የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ማንበብ የሚቸገሩ ልጆችን የምትመረምር ናት። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ወሸቅኩት። ልጄ ምንም አልሆነችም።

ዓርብ 15

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት እናቶች ከፊቴ ቆመዋል፤ አላዩኝም። አንደኛዋ "ያቺ የቀጭኗ እናት ሥራዋ ማረም አይደል? ምነው የራሷን ቤት ረሳች?" አለች። ሌላዋ ሳቀች። እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ ስልኬን ጎረጎርኩ። ቆሽቴ እስካሁን ያርራል።

ማክሰኞ 19

ደብተሯን ገለጥኩት። አሥራ አንድ ገጽ። ምን ልበል? የተጀመረ ቃል ግማሹ የለም። የፊደሉ እግር ወዲያ፣ ቅጥያው ወዲህ። አንዱ ቃል በአንድ ገጽ ላይ በአራት ዓይነት ተጽፏል። በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ወረቀቱ የሳሳበት አለ፣ የተቀደደበት አለ። አንድ ቦታ ላይ እርሳሷን ተጭናው በስቶ ወደ ኋላ ገጽ ወጥቷል።

ይህን ነው እንግዲህ መምህርቷ የምትሰበስበው።

ረቡዕ 20

ምሳ ሰዓት። ጋሼ ወጥተዋል፤ በአጭሩ ልጻፍ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። የልጄን እጅ አስመስሎ መጻፍ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም፤ የስንቱን እጅ ጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስህተቱን ሁሉ አላጠፋሁም፣ እንዲያ ከሆነ ይነቃብኛል። በየገጹ ሦስት አራት ተውኩላት። ሰባት ገጽ አለቀ። ጋሼ መጡ።

ሐሙስ 21

አሥራ አንዱም አለቀ። እቤት ሳሳያት ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

"ይሄ የኔ ነው?"

"ያንቺ ነው። ተረጋግተሽ ብትጽፊ እኮ እንዲህ ነው የምትጽፊው። ለማንም እንዳትናገሪ ግን።"

"ለአባዬም?"

"ለማንም። የእኔና ያንቺ ብቻ ምስጢር ነው።"

ፊቷ ቦግ አለ። ከእኔ ጋር አንድ ነገር ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ።

ዓርብ 22

ደብተሩ ገባ። እፎይ።

ረቡዕ 27

ተጠርቼ ሄድኩ። መምህርቷ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ልጄ አጠገቧ ቆማለች፤ አንዱ ካልሲዋ ወርዷል።

"ይህን የጻፈችው እሷ አይደለችም" አለች መምህርቷ። "ትልቅ ተማሪ ነው ያጻፈችው። ማን እንደሆነ ብጠይቃት 'እኔ ነኝ' ብላ ሙጭጭ አለች። እስቲ ይህን ይዩልኝ።"

ጣቷን ገጹ ግርጌ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ክብ፣ መሐሏ ነጥብ። ገለጠች። ክብ። ገለጠች። ክብ። አሥራ አንዱም ገጽ ላይ፣ በስተቀኝ፣ በእርሳስ።

"ምን እንደሆነ ያውቁታል?"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

አላውቀውም አልኩ።

"ስህተት የማያልፍዎ ሰው ነዎት ብዬ ነው እርስዎን የጠየቅኩት" አለች መምህርቷ። እያሾፈች አልነበረም፤ ከልቧ ነው።

አላውቀውም፣ ብዬ ደገምኩ።

ሐሙስ 28

ማን እንደጻፈላት እስክትናገር ድረስ በየእረፍቱ መምህራን ክፍል በር ላይ እንድትቀመጥ ተፈረደባት። ዛሬ ጀመረች። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ 29

ሰኞ ይሻላል። ዓርብ ሰው ሁሉ ይቸኩላል።

ሰኞ 2

ጠዋት አስመለሳት። አባቷ "ምን በልታ ነው?" አለኝ። ሆዷን ነው አልኩት። እኔ በሩ ድረስ አደረስኳት፣ እግሬ ግን ግቢውን አልረገጠም። ምን ብዬ ልጀምር? "ጤና ይስጥልኝ፣ አጭበርባሪዋ እኔ ነኝ" ልበል?

ማክሰኞ 3

ዛሬ አንድ ሙሉ መስመር አለፈኝ። መስመር! ጋሼ ናቸው የያዙት። "ጭልፊት፣ ምን ነካሽ?" አሉኝ። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ገጹ ሲያልቅ ክቧን ልሠራ እርሳሴን አስጠጋሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለነገሩ ደክሞኛል።

ረቡዕ 4

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ዛሬም ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም" አለችኝ።

"ጎሽ" አልኳት።

ጎሽ! አፌን ምን ነካው? እሷ መስኮቱ ላይ በጣቷ መስመር እያሰመረች ትሄዳለች።

ሐሙስ 5

ትናንት ማታ ቦርሳዬን ስበረብር የዓይን ሐኪሙ ወረቀት ወጣ። ጠዋት ደወልኩ፤ ለዛሬ ቦታ ተገኘ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ። ሁለት ሰዓት ያህል ከልጄ ጋር ስትጫወት ዋለች። ጨዋታ ነው የመሰለኝ። አንድ ቃል ትነግራትና "የመጀመሪያውን ድምፅ ጣይው፣ ምን ቀረ?" ትላታለች። ልጄ ጣራ ጣራ ታያለች። ረጅም ታሪክ ስትነግራት ግን ልጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሳ ተናገረችው፤ ሰውየው ለምን እንደዋሸ እንኳ እኔ ያላሰብኩትን ምክንያት ሰጠች።

ከዚያ ልጄን ውጭ ሥዕል አስይዛ አስቀመጠቻትና ነገረችኝ። ዲስሌክሲያ ይባላል። የአእምሮ ማነስ አይደለም። የዓይንም አይደለም። ስንፍና አይደለም። ፊደሉንና ድምፁን እንደሌላው ልጅ ቶሎ አታጣብቅም፤ ዛሬ የያዘችው ነገ ይለቃታል፣ ከዚህኛው መስመር ያወቀችው እዚያኛው መስመር ላይ እንግዳ ይሆንባታል። "እርስዎ ቃል ሲያዩ ሳያስቡት ያነቡታል" አለችኝ። "እሷ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ጉልበቷን ትጨርሳለች። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ በላይ እየለፋች ነው ሰነፍ የምትባለው።" አይጠፋም፣ ግን ማንበብ ይማራሉ። ቀስ ተብሎ፣ ድምፅ በድምፅ፣ በጣት እየጻፉ፣ እየተደጋገመ፣ ሳይጮኽባቸው።

ሳይጮኽባቸው ስትል ጫማዬን አየሁ።

"ከቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ እንዲህ የተቸገረ ሰው ይኖራል? ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል" አለች።

የለም አልኩ።

ቅዳሜ 7

ለወንድሜ ደወልኩ። እንዲሁ ነው፣ ናፍቆኝ። ወሬያችን መሐል "ለምንድነው ግን አንድ ቀን እንኳ የማትጽፍልኝ?" አልኩት።

"እትዬ፣ በቀይ አርመሽ እንዳትመልሺልኝ ነዋ!" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ሳቁን ተወው።

"የምርሽን ከሆነ፣ ምልክቱን ሁሉ በቀለሙና በቅርጹ ነው የምለየው። የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ጓደኛዬ እያነበበልኝ በቃሌ ነው ያጠናሁት። ደደብ ነኝ ብዬ ነው እኮ የኖርኩት። አንቺስ እንደዚያ አልነበር የምትዪኝ?" ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ስለ ጎማው እንደሚያወራው ነው ያወራው። "ጭራሮ ግን እንደኔ እንዳትሆን፣ እትዬ። እጆቿን እንዳትመቺያት።"

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው። መልሶ ደወለ፤ እጄ ሥራ ይዞ ነበር፣ አላነሳሁትም።

እሑድ 8

ለአባቷ ነገርኩት። የተበላሸ ምድጃ እየፈታ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ ክቧን፣ አላውቀውም ያልኩትን። ካቻቪቴውን አስቀመጠ።

"እና ልጄ በር ላይ ተቀምጣ ነው የሰነበተችው?"

"አዎ።"

"አንቺ እያወቅሽ?"

ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "እስከ ረቡዕ ካልነገርሽ እኔ እነግራለሁ" ብሎ ሄዶ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ። እንዴት አፈርኩ! ለምን አደረግኩት? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለውም፣ እሱው ነው።

ሰኞ 9

አስቸኳይ ሥራ መጣ።

ማክሰኞ 10

ሄጄ ነበር። መምህርቷ ክፍል ውስጥ ናት አሉኝ። መጠበቅ እችል ነበር።

ረቡዕ 11

ነገርኩ።

ከማተሚያ ቤት አንድ የታረመ ገጽ ይዤ ሄጄ ከደብተሩ ጎን አስቀመጥኩት። ሁለቱ ክቦች ጎን ለጎን ተቀመጡ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ። መምህርቷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

"ዘጠኝ ቀን" አለች። "ዘጠኝ የትምህርት ቀን እዚያ በር ላይ አስቀመጥኳት። እርስዎ እዚህ ቆመው ዓይኔን እያዩ!"

መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለቱም ይገባኝ ነበር። የባለሙያዋን ወረቀት ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችውና "እኔም እኮ ሰነፍ ናት ስል ነበር" አለች።

ልጄን አስጠራቻት፣ ይቅርታ ጠየቀቻት። እኔም መምህርቷ ፊት "የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። ሸክም ይወርድላታል ብዬ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ደብተሩን አየችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ደብተሩ ተሰረዘ። በአሮጌው ደብተር ደግሞ አታልፍም። ክፍሉን ትደግማለች። ጓደኞቿ ያልፋሉ፣ እሷ ትቀራለች። ቢያንስ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ፈተናውን በቃል እንድትመልስ መምህርቷ ልትሟገትላት ቃል ገብታለች።

ሐሙስ 12

አላናገረችኝም።

ዓርብ 13

አላናገረችኝም። እራቷን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ አባቷን ስማ ገባች።

ማክሰኞ 17

ክሊኒኩ ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት። ሦስታችንም ሄድን። ባለሙያዋ "አንድ ሰው አብሮሽ ይቀመጣል። ማን ይሁን?" ብላ ልጄን ጠየቀቻት።

"አባዬ" አለች። ትንሽ እንኳ አላሰበችም።

ጃኬቷን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በበሩ ሥር ድምፅ ይመጣል። አንድ ድምፅ፣ ደግሞ ያው ድምፅ፣ ደግሞ ያው። ተሳሳተች፤ ሰማሁ። ለማረም አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም፣ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ! ከውስጥ ማንም ምንም አላለም። እንደገና ሞከረች። ከዚያ አባቷ አንድ ቀልድ ጣል አደረገና ሳቀች። ልጄ ፊደል ፊቷ ተቀምጦ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፊቴን ጃኬቷ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። የምታልፍ ነርስ "ልጅዎ ታማለች?" አለችኝ። "ኧረ ደህና ናት" አልኳት።

ሐሙስ 19

ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ሦስቴ ቀድቼ ሦስቴ አጠፋሁት፣ በአራተኛው ላክሁት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። እስካሁን አልመለሰም።

እሑድ 22

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባራ። ልብስ ሳሰጣ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች። መቆንጠጫ ታቀብለኝ ጀመር። እንዳትሄድብኝ ብዬ ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ፎጣ አሰጣን።

"ለምን ነገርሻቸው?" አለችኝ።

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ባላጠፋሽው ስለተቀጣሽ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር ነበረብኝ።"

መቆንጠጫውን እየከፈተች እየዘጋች አሰበች።

"ቲቸር በየቀኑ ጠየቀችኝ። ዳይሬክተሩም ጠየቀኝ። ትልልቆቹ ልጆችም ጠየቁኝ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ለአባዬ እንኳ አልተናገርኩም።" መቆንጠጫውን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። "አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትኩም እኮ፣ እማ። በደንብ ችዬው ነበር። አንቺ አበላሸሽብኝ።"

እርጥቡ አንሶላ እጄ ላይ ቀረ።

"አልተሳሳትሽም" አልኳት።